የኋላ መቀመጫ

የካቲት 9፣ ሰኞ

ዛሬ ቁርጥ አድርጌአለሁ። በሚያዝያ መጀመሪያ ድንበሩን ተሻግረን ከወዲያ ያለውን አገር በሞተር ብስክሌት እንዞራለን፤ እኔ ከፊት፣ ባለቤቴ ከኋላ። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር አስፋልት ነው ይላሉ። ካርታውም ይህንኑ ይመሰክራል።

ካርታውን ሥራ ቤቴ ግድግዳ ላይ በሚስማር መታሁት። ሥራ ቤት የምለው ከቤታችን ጀርባ ያለውን ክፍል ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሶፋና ወንበር ሳለብስ የኖርኩበት። አሁን ሥራውን ትቻለሁ፤ የስፖንጁ ሽታ ግን አልተወኝም።

ባለቤቴ ገብታ አየች። «ግድግዳው እኮ ወንፊት ሆነ» አለች። ሌላ ምንም አልተናገረችም። ዝም ካለች ተስማማች ማለት ነው። ይህን ደብተር የያዝኩት ለዝግጅቱ ነው፤ ለወሬ አይደለም።

የካቲት 12፣ ሐሙስ

መንገዱን በእርሳስ አሰመርኩ። ወደ ተራራው እንወጣለን። ጠመዝማዛ ነው፤ ነጂን ያነቃል። የጠረፉ መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ ቀጥ ያለ መንገድ ያስተኛል።

ባለቤቴ ጣቷን ካርታው ላይ አድርጋ «ይሄ ሰማያዊው ምንድነው?» አለች።

«ባሕር ነው። እዚያ አንደርስም።»

«ኸረ ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት» አለችና ወጣች። ባሕር መሆኑን መቼም አታጣውም። የተማረች ሴት ናት፤ ከእኔ ይልቅ ብዙ ክፍል ቆጥራለች። እኔ ፊደልንም ሙያንም በራሴ ነው የለቀምኩት። ወንበር ማልበስ የተማርኩት አንድ የተጣለ ወንበር አፍርሼ፣ እንዴት እንደተሰፋ በጣቴ እየተከተልኩ ነው። ሞተር መንዳትም ያስተማረኝ የለም፤ ወድቄ ነው የተማርኩት።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ጎረቤቴ መጣ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ባለ አውቶቡሱ» ይለዋል። አንድ እግሩን ደፌ ላይ አድርጎ ካርታውን ሲያይ ቆየ።

«ሁለት አሮጌ በአንድ ሞተር! ወንድሜ፣ አንተ እኮ ደረጃ ስትወጣ ጉልበትህ እንደ ዛገ በር ነው የሚጮኸው።»

«ሞተር በጉልበት አይነዳም፣ በነዳጅ ነው።»

«ሲቆምስ? ሲቆም በምንድነው የሚያዘው?»

መሪ የጨበጠ ሁሉ አዋቂ ነኝ ይላል። ሊሄድ ሲል «እሷስ ምን አለች?» አለኝ። «ካርታውን አይታዋለች» አልኩት። ሳቀ። ምን እንዳሳቀው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ የኋላውን መቀመጫ ማበጀት ጀመርኩ። ፋብሪካው የሠራው መቀመጫ ለሰው ሳይሆን ለዶሮ ነው። ከታች ጠንካራ ስፖንጅ፣ መሐል መካከለኛ፣ ከላይ ለስላሳ። ጠርዙን ክብ አደረግኩት፣ ጭኗን እንዳይቆርጣት። ቆዳው ሳስቀምጠው የኖርኩት ጥቁር ቡኒ ነው፤ ለማንም አልሸጥኩትም ነበር። በሥራ ዘመኔ ደንበኛ ሳይቀመጥልኝ አንድ ወንበር አልሰፋሁም። ሹም ቢሆን፣ ሀብታም ቢሆን፣ «ና ተቀመጥ» ብዬ ነው ልክ የምወስደው። የእሷን ልክ ግን ዐውቀዋለሁ፤ ማስቀመጥ አያሻም።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

ካቴና ቀየርኩ። የፊት ፍሬን ተጠገነ። ጎማ ደህና። የዕቃ ሳጥኖቹ ገጠሙ፤ የግራው የሷ፣ የቀኙ የኔ። ልጄ ደወለች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ደንበኛ እያስተናገደች ታወራለች።

«አባባ፣ እማማ ምን ትላለች?»

«ሳጥኗ ዝግጁ ነው።»

«ስለ ሳጥኑ አልጠየቅኩህም እኮ። አንድ ደቂቃ፣ እትዬ፣ ይሄ ከምግብ በኋላ ነው የሚዋጠው። አባባ፣ ማታ እደውላለሁ።»

አልደወለችም። ወይም ለእናቷ ደውላለች።

የካቲት 22፣ እሁድ

መቀመጫው አለቀ። እንዲህ ያለ ስፌት ከእጄ ከወጣ ቆይቷል፤ ክሩ አንድም ቦታ አልዘለለም። ባለቤቴን ጠራኋት። በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው።

«ያምራል። ለስላሳ ነው።»

«ውጪና ተቀመጪ።»

«እሳት ላይ የጣድኩት አለ» ብላ ገባች።

ከሰዓት በኋላ ብመለስ የታጠበ ልብስ የሞላ ቅርጫት መቀመጫው ላይ ተቀምጧል። ቆዳው ውኃ እንደማይወድ አታውቅም? ቅርጫቱን አወረድኩ። ልብሱንም እኔው አሰጣሁት።

የካቲት 27፣ ዓርብ

ሁለት ሰው ጭኖ መንዳት ሌላ ነገር ነው። ፍሬኑ ይዘገያል፤ ፊቱ ይቀልላል። ስለዚህ ልምምድ ያስፈልጋል። ከረጢት አሸዋ ሞላሁ፤ ክብደቱን በባለቤቴ ልክ አደረግኩ፤ በግምት ነው። መቀመጫው ላይ በገመድ ጠፍሬ ሰፈሩን ዞርኩ። ድንቅ ነው የሄድኩት።

ባለ አውቶቡሱ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አነሣ። «ወይዘሮ አሸዋ፣ እንደምን ዋሉ!»

እኔም ለቀልዱ ያህል «ሸጋ ሴት ናት። አትነዘንዝም፣ አታማርርም፣ ወዴት ነው አትልም» አልኩት። ባለቤቴ ለካ ቧንቧው ጋ ባልዲ እየሞላች ነበር። ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ ቧንቧውን አልዘጋችውም።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

ሞተሩ ወደቀ። መስተዋቱ ተሰበረ፤ የፍሪሲዮኑ እጀታ ተጣመመ። ምንም አይደለም። ከልምምድ ተመልሼ በር ላይ ቆሜ ነበር። እየሄድኩ አይደለም፣ ቆሜ! ግራ እግሬን አወረድኩ፣ እርጥብ ቅጠል ረገጥኩ፣ ተንሸራተትኩ። ከረጢቱ ደግሞ ወደ ግራ አዘነበለ። ቅጠል ነው። ማንም አላየም።

ከረጢቱን ፈትቼ፣ ሞተሩን አንሥቼ፣ አሸዋውን ጠርጌ ገባሁ። የወጥ ቤቱ መጋረጃ ተከፍቶ ነበር፤ ወጥ ቤት ግን ማንም አልነበረም።

ማታ ባለቤቴ የሞቀ ውኃ በላስቲክ አድርጋ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠች። የትኛው ጉልበቴ እንደሆነ አልነገርኳትም። ግራውን ነው የመረጠችው።

መጋቢት 6፣ እሁድ

ልጃችን መጣች። ከእናቷ ጋር ወጥ ቤት ገብተው ሳህን ያጥባሉ። እኔ ወሬ አዳማጭ አይደለሁም፤ በሩ ክፍት ነበር።

«እማማ፣ የምትሄጂ ከሆነ ጓንት ልግዛልሽ።»

«ማን ሄደ?»

«እሱማ በሚያዝያ ነው ይላል።»

«እሱ ይላል። ልጄ፣ ከረጢቱን ሲያስረው አይቼዋለሁ። አሰረው፣ ፈታው፣ ‘እንዲህ ይሻላት ይሆን’ እያለ እንደገና አሰረው። ለአሸዋ! እኔን አንድ ቀን ትሄጃለሽ ወይ አላለኝም።»

«እንግዲያው አልሄድም በይዋ፣ ይገላገል።»

«አልሄድም የሚባለው ለጠየቀ ሰው ነው። ላልጠየቀ ሰው ምን ይባላል?»

ልጄ ሳቀች። እናቷ አልሳቀችም። ሳህን በሳህን ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ።

በአደባባይ የሚነገር ነገር እያለ በጓዳ ማውራት ምን ይባላል? ሚስት ባሏን ታውቃለች። እኔ የምጠይቅ ሰው አይደለሁም፤ የምሠራ ሰው ነኝ። ያ ሁሉ ስፖንጅ፣ ያ ቆዳ፣ ጥያቄ ካልሆነ ምንድነው?

መጋቢት 7፣ ሰኞ

ብቻዬን እሄዳለሁ። ተወስኗል።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ብቻዬን መሄድ ይቀላል። ሁለቱም ሳጥን የኔ ነው። ባዶ ሳጥን ሞተሩን ያዛባል ብዬ የግራውን በጋዜጣ ሞላሁት።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

ከከተማ ወጥቼ ከነዳጅ ማደያው ወዲያ እስከ ድልድዩ ብቻዬን ነዳሁ። ሞተሩ እንደ ድመት ያንጎራጉራል። ጉልበቴም አላስቸገረኝም። ምንም የጎደለ ነገር የለም።

ከድልድዩ ሥር ነጫጭ ወፎች አንድ ላይ ብድግ ብለው ውኃውን ሸፈኑት። «ተመልከቺ!» ብዬ ጮኽኩ። አንድ ብስክሌተኛ በጎኔ ሲያልፍ ዞር ብሎ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየ።

ወደ ቤት ተመለስኩ። ነዳጅ ለመቆጠብ።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ይህን በቅጡ መጻፍ አለብኝ።

ከእራት በኋላ ሥራ ቤት ገብቼ የኋላውን መቀመጫ ፈታሁት። ሳሎን አምጥቼ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ደልድዬ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ የትራስ ልብስ ትጠቅማለች።

«ተቀመጪበት» አልኳት።

«ትእዛዝ ነው?»

«ልክ ልወስድ ነው። ደንበኛ ሳይቀመጥ አልሰፋም።»

መርፌዋን ትራሱ ላይ ሰክታ ተነሣች። ተቀመጠች። ወደ ግራ ተመቻቸች፣ ወደ ቀኝ ተመቻቸች፣ ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ወረደ።

«ምን ያስቃል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን የሰፋኸው ለኔ አይደለም። ስታገባኝ ለነበርኩት ልጅ ነው! ግማሼ እኮ ሜዳ ላይ ቀረ።»

እውነቷን ነው። ጠቧል። በዐይን ለክቶ የማይሳሳት እጅ እንዴት ተሳሳተ? ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ። በጠመኔ ቆዳው ላይ ምልክት አደረግኩ። አጎንብሼ ስለነበር ፊቷን አላይም። ያን ጊዜ ነው መጠየቅ የቀለለኝ።

«ትሄጃለሽ?» አልኩ።

«ምን አልክ?»

ሰምታለች። ሰምታ ነው ያስደገመችኝ። «ከኔ ጋር ትሄጃለሽ ወይ አልኩ እኮ!» ድምፄ ከፍ አለ። ሰው ሲጠይቁት እንዲህ ነው የሚጮኹበት? ሌላ ሰው ሲያደርገው ባይ ኖሮ እገሥጸው ነበር።

ትራሷን አነሣች። መርፌዋን ነቀለች። ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

«አስቤ እነግርሃለሁ» አለች።

መጋቢት 13፣ እሁድ

አስቤ! ምን የሚታሰብ ነገር አለ?

መጋቢት 14፣ ሰኞ

መቀመጫውን አፍርሼ አሰፋሁት። እያሰበች ነው።

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ዛሬም እያሰበች ነው። ገበያ ሄዳ ስትመለስ ታንጎራጉር ነበር። የሚያስብ ሰው ያንጎራጉራል? ባለ አውቶቡሱን አማከርኩት። «ተሳፋሪ ቸኩለህ ስትጠራው ሌላ አውቶቡስ ነው የሚሳፈረው» አለኝ። ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን አንድ መስመር ነድቶ ጠቢብ ሆኗል።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

ጠዋት ሻይ እየጠጣን ተናገረች። ቀድሞ ያጠናችው ነው የሚመስለው፤ አንዴም አልተደናቀፈችም።

«መጀመሪያ ጉልበትህን ሐኪም ይየው።»

«ጉልበቴ ደህና ነው። ያን ዕለት ቅጠል ረግጬ ነው።»

የምን ዕለት ብላ አልጠየቀችም። «በዚህ ወር ቅጠል የሚያረግፍ ዛፍ ግቢያችን ውስጥ የለም» አለች። ሻይዋን ፉት አለች። «ደግሞ እኔ ሞተሩ ላይ የምወጣው ሁለቱም እግሮችህ መሬት ላይ ሙሉ ሲያርፉ ነው። በጣት ጫፍ አይደለም፣ በሙሉ እግር።»

«ሞተሩ ከፍ ያለ ነው፤ ማንም በሙሉ እግር አይደርስበትም።»

«እንግዲህ አንተ ባለሙያው ነህ። ሌላው፣ ተራራው ይቅር። እኔ ባሕር ማየት ነው የምፈልገው። ቀጥ ያለ መንገድ ያስተኛል ካልክ በየሰዓቱ እያቆምን እንወርዳለን። እኔ እቀሰቅስሃለሁ።»

«ሙሉ መንገዱን እንደገና ላስምር?»

«እርሳስ እኮ ነው። ላጲስ ልስጥህ?»

ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ይዋረዳል? ሻዬ ቀዘቀዘ። ላጲሱን ተቀበልኩ።

መጋቢት 20፣ እሁድ

የራሴን መቀመጫ ከፈትኩት። ስፖንጁ አርጅቶ ስለነበር ከላይ ቀነስኩለት፤ ከጎንና ከጎንም አጠበብኩት። ሰው ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ነፋስ አያገኘውም፤ ለዚያ ነው። አሁን ሁለቱም እግሮቼ ይደርሳሉ።

ባለ አውቶቡሱ ዙሪያውን ዞሮ አየ። «ምነው፣ ሞተሩ ነው ያጠረው ወይስ አንተ ነህ የረዘምከው?»

«ሰው በስተርጅና ያድጋል» አልኩት። ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣኝ።

መጋቢት 23፣ ረቡዕ

ሐኪሙ ልጅ ነው፤ ጢሙ ገና አልጠነከረም። ጉልበቴን አጥፎ ዘረጋው፤ «እዚህ ያምዎታል?» ሲለኝ «አያመኝም» እላለሁ፤ ባለቤቴ ከጎን «ያመዋል» ትላለች። እሷን ነው የሰማት። እግሬን ወንበር ላይ ተቀምጬ እንዳነሣና እንዳወርድ አዘዘኝ፤ ማሰሪያም ሰጠኝ። «ረጅም መንገድ እንዳይሄዱ አልልም፤ እየወረዱ ይንቀሳቀሱ» አለ። ይህንኑ ባለቤቴ በነጻ ነግራኝ ነበር።

ማሰሪያውን ከሱሪ ሥር አድርጌዋለሁ። ለብርድ ጥሩ ነው።

መጋቢት 27፣ እሁድ

ዛሬ ወጣች።

የራስ ቁሯ ማሰሪያ አልገጥም አላት፤ እኔ አሰርኩላት። ሁለቱን እግሮቼን ተከልኩ። ወደ እግሮቼ ተመለከተች፣ ጫማዬን በጫማዋ ነካ አደረገች፣ ከዚያ ትከሻዬን ይዛ ወጣች። ሞተሩ ዝቅ አለ። አልወደቅኩም።

ከረጢትና ሰው አንድ አይደሉም። ከረጢት እንዳሠሩት ይቀመጣል። እሷ መጀመሪያ ኩርባ ላይ እኔ ወደ ቀኝ ስል እሷ ወደ ግራ ሄደች፤ ሞተሩ እንደ ግትር በቅሎ አልታጠፍ አለ። ቆምኩ። «ከኔ ጋር አጋድዪ እንጂ!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ «በኔ ትከሻ ላይ አሻግረሽ መታጠፊያውን እዪው፤ ሰውነትሽ ራሱ ይከተላል» አልኳት። በሁለተኛው ኩርባ ተሻለ። በአራተኛው ከኋላዬ ሰው እንዳለ የማውቀው በሙቀቱ ብቻ ሆነ።

ከማደያው አልፈን ስንሄድ ጀርባዬ ላይ ትንቀጠቀጣለች። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ፤ መንገድ ዳር አቆምኩ። ሁለቱን እግር ተከልኩ። ዞር ብል ትስቃለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ነፋሱ ጥርሴን አቀዘቀዘው።»

ቤት ስንደርስ ጓንቷን እያወለቀች «እውነቱን ንገረኝ፤ ከአሸዋዋ ማን ይሻላል?» አለችኝ።

«አሸዋዋ ዝም ትል ነበር።»

በጓንቱ ጀርባዬን መታችኝ። ባለ አውቶቡሱ ከበሩ ሆኖ አጨበጨበ። ማታ የግራውን ሳጥን ብከፍት ጋዜጣው ወጥቷል፤ ሹራቧ፣ የፊት ፎጣዋና ነጠላ ጫማዋ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። መልሷን የሰማሁት በዚህ ነው። በአፏ ግን እስከ አሁን እሺ አላለችም። እኔም አላስደገምኳትም።

ሚያዝያ 1፣ ሐሙስ

ልጃችን ልትሸኘን መጣች። የመድኃኒት ፌስታል ለእናቷ ሰጠች፤ ለእኔ ምክር። አልቅሳለች፤ እናቷ «ሙሽራ የምትሸኚ አስመሰልሽው እኮ» አለቻት። ነገ ጎሕ ሲቀድ።

ሚያዝያ 2፣ ዓርብ፣ ማታ፣ ከድንበሩ ወዲያ ማዶ

አልጋው ጎርበጥ ይላል፤ ይህን ፍራሽ የሞላ ሰው እጁ ይቆረጥ። ባለቤቴ ግን ገና ራት ሳይወርድላት እንቅልፍ ወስዷታል። መንገዱ እንደተባለው ነው፤ እንደ ጠረጴዛ። ጉልበቴ ትንሽ አብጧል። ነገርኳት። ራሴ ነኝ የነገርኳት፤ ሳትጠይቀኝ።

አንድ ነገር ልጻፍና ልተኛ። ድንበሩ ላይ ሰልፍ ነበር። ተራችን ሲደርስ መኮንኑ ፓስፖርታችንን እያገላበጠ ወደ እኔ ዞረና «ወዴት ናችሁ?» አለ።

የሰው አገር ሹም ነው፤ ባል ነው የሚመልሰው። መንገዱንም በቃሌ አውቀዋለሁ። አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ ዞርኩና «ንገሪው» አልኳት።

የራስ ቁሯን አወለቀች። ፀጉሯን አስተካከለች። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው፤ የት እንደምናርፍ፣ የት እንደምናድር፣ እኔ ስሙን እንኳ ሰምቼ የማላውቀውን አንድ መንደር ጨምራ፣ እዚያ ለምን እንደምንቆምም ጭምር። መኮንኑ ማኅተሙን እንደያዘ ይሰማል። ከኋላችን ያሉት መኪኖች ክላክስ ያሰሙ ጀመር።

ያስጩኹት። ገና አልጨረሰችም።